ብርሃን የበላው ኩታ

በሩ ሲንኳኳ የካሜራዬን ባትሪ ከቻርጅ እየነቀልኩ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ከሰፈሬ በታች ካለው ረግረግ ፀሐይ ሳትበረታ ለመድረስ ቸኩያለሁ። እዚህ አገር ሰው ሳይደውል በር አያንኳኳም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ጭራሽ። በበሩ መስታወት ስመለከት ነጠላ አየሁ፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ። ገና ንጋት ስለሆነ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ የነጠላቸው ክር አንድ በአንድ ይታያል፤ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቷል። ከፊት የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አወቅኩ። ያላወቅኩት ማን እንደሆነ ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ እንደገቡ።

«አባ፣ ማን ነው?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ወንድሜ ነው?» አልኩ። ወንድሜን ያስቀደምኩት እናቴን ከአፌ ላለማውጣት ነው።

«ወንድምሽስ ደህና ነው።»

ከቤታችን የቀሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እናቴና ታናሽ ወንድሜ። አንዱ ደህና ከተባለ ሌላ መናገር አያስፈልግም። ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት፤ አንዷ ደረቴን እንዳልመታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘችኝ። ትንፋሼ ሲመለስ «መቼ?» አልኩ። አባ ወደ መሬት አዩ።

«ቆየት ብሏል። አርባዋም ወጥቷል። ፍታቱም ተዝካሩም በወጉ ተደርጓል ልጄ፤ በዚያስ አትዘኚ።»

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ባለበት፣ እጁን የሚይዘው በሌለበት አይነገርም። በጠዋት፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴን ተከትዬ ከቆቦ ጎብዬ ድረስ መርዶ ለማርዳት ሄጃለሁ። የምናረዳት እናት ልጇ ከተቀበረ ከርሞ ነበር። ሴትየዋ ግን ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ስታየን እየሳቀች «ምነው በጠዋቱ! ግቡ እንጂ» አለችን። ያን ሳቋን ረስቼው ኖሬ ነበር። የራሴ መርዶ ከደረሰኝ ወዲህ ግን በየዕለቱ ትዝ ይለኛል፤ እኔም እናቴ አፈር ውስጥ ሆና ስንት ጊዜ በስልክ ስቄአለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። እናቴ ስታርፍ ቆቦ ኔትወርክ አልነበረም። ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ «የሚያረዳት ሰው ይፈለግ» ተባለ። ዘመድ ለዘመድ እየተነጋገረ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው እዚህ የሚያውቀውን ሰው እያፈላለገ፣ ነገሩ የንስሐ አባቴ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜው ሄደ። በመሐሉ እኔ እደውላለሁ።

«እማ የታለች?»

«ጸበል ወርዳለች፣ እታለም» ይለኛል ወንድሜ።

በሌላ ቀን ስደውል «ሱባኤ ይዛለች፤ ስልክ አታነሣም» ይለኛል። እናቴ ሱባኤ የምትይዝ ሰው ናት፤ አመንኩት። እንዲያውም «ለኔም ጸልዪልኝ በላት» አልኩት። «እሺ» አለኝ።

ያለሁት አውስትራሊያ ነው፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። ረግረጉ ላይ ነጭ ወፍ በካሜራ ማንሳት የጀመርኩት ወፍ ወድጄ አይደለም። አንድ ዓመት ለጥምቀት የሰበካችን ሴቶች «አንቺ ካሜራ አለሽ፣ አንሺን» አሉኝ። እዚህ ጥምቀት የሚውለው በሐሩሩ ወቅት ነው፤ ፀሐዩ የቆቦን ያስንቃል። ያነሳሁትን ስናየው ፊት አለ፣ ከበሮ አለ፣ ልብስ የለም። የመዘምራኑ ቀሚስም፣ ነጠላውም፣ የካህናቱ ጥምጣምም ባዶ ወረቀት መስሏል።

«እኛን ነው ያነሳሽው ወይስ የሳሙና አረፋ?» ብለው ሳቁብኝ።

ፎቶ አንሺዎች «ኦቨር ሆነ» ይሉታል። እኔ ተቃጠለ እላለሁ። ለመጪው ጥምቀት ላለማፈር መለማመድ ነበረብኝ፤ ሰውን ነጭ አልብሶ ፀሐይ ላይ ማቆም ደግሞ ግፍ ነው። ረግረጉ ላይ ያሉት ነጭ ወፎች ግን ዓሣ ሲጠብቁ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ አይሉም። ከእነሱ ተማርኩ። ካሜራው ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ውሃና ጭቃ ያይና «ጨለማ ነው» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ መሐል የቆመችው ወፍ ትቃጠላለች። ስለዚህ ለውሃው ሳይሆን ለወፏ ነው የሚለካው። ብርሃኑን ትንሽ በትንሽ መቀነስ ነው፤ የካሜራው መስኮት «ተቃጥሏል» ለማለት ነጩ ላይ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ድረስ። ያን ጊዜ ውሃው ይጠቁራል፤ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ግን አያስፈራም። የጠቆረ ነገር ውስጥ ያለው አለ፤ ቤት ገብቶ በኮምፒዩተር ቀስ እያሉ ማውጣት ይቻላል። የተቃጠለ ነጭ ውስጥ ግን ምንም የለም። ጠፍቶም አይደለም፤ ቀድሞውኑ ካሜራው ውስጥ አልገባም። ደግሞም ቀትርን መሸሽ ነው። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመጣ አንዱ ላባ በሌላው ላይ ጥላውን ይጥላል፤ ላባ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ለእናቴ በወንድሜ ስልክ ላክሁላት። ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ስለነበር ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ነበር የምታየው።

«ይሄማ ባዘቶ ነው እንጂ ወፍ አይደለም!» አለች። ባዘቶ ከመፈተሉ በፊት በደጋን የተነደፈ ጥጥ ነው። ከዚያ ግን ቅርጿን አይታ ስትለያት ደነገጠች። «ሳቢሳ አይደለችም እንዴ? እዚያ ድረስ ምን ወሰዳት? በሬ አለ እዚያ?»

«የለም እማ።»

«ታዲያ ማንን ተከትላ ሄደች?»

በእኛ በኩል፣ ከቆቦ እስከ ሮቢት ባለው ሜዳ፣ እርሻ ሲጀመር ሳቢሳዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከበሬው ኋላ ተሰልፈው አፈሩ ያወጣውን ትል ይለቅማሉ። ለእናቴ ሳቢሳ ማለት በሬ የምትከተል ናት። እኔም ሳቅኩና «ሥራ ፍለጋ ነው» አልኳት። «እንዳንቺው በይኛ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የላክሁላትን ሁሉ እየመረመረች ትመልስልኛለች። «ይሄም ባዘቶ ነው።» «ይሄ ክንፉ ጋ ትንሽ ይሻላል፤ ደረቱ ገና ነው።» ባዘቶ የማትለውን ፎቶ ማንሳት ምኞቴ ሆነ። ጥምቀቱንስ ረሳሁት።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ለሰው ብዙ ፈትላለች፤ ለራሷ ግን የፈተለችው አንድ ኩታ ነው፤ ሞታ የምትሸፈንበት። ጊዜ ስታገኝ ብቻ ስለምትፈትለው ዓመታት ፈጀ። ሲጀመር ዓይኗ ደህና ነበር፤ ክሩ እንደ ጸጉር ቀጭን ነው። ሲያልቅ ሞራው መጥቶ ነበር፤ ክሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ ቋጠሮም አለው። ሸማኔው «እማማ፣ ይሄኛውን ለብቻው ልሥራልዎ፤ ኩታውን ያበላሸዋል» ቢላት፣

«አይ ልጄ፣ አንድ ላይ ሥራው። እሱም እኔ ነኝ» አለችው።

ለመጨረሻ ጊዜ ቆቦ የሄድኩ ጊዜ ከሣጥን አውጥታ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣችው፤ ብል እንዳይበላው በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይ ታስመታዋለች። በአንደኛው ጫፍ በኩል ሳየው ጣቶቼ ከወዲያ ይታያሉ። በሌላኛው ጫፍ በኩል ደግሞ ጉርብጥብጥ ያለ ነው። ማንም ቢያየው የማን እጅ እንደሆነ አይስተውም። እጄን ይዛ በላዩ ላይ አሳለፈችውና «በዚህ ሸፍኑኝ። ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። የሰፈሩ ሰው ቤቱን እየዘጋ ዘመድ ወዳለበት ወጣ፤ እናቴና ወንድሜም ወጡ። ሲመለሱ ቤቱ ተከፍቷል፣ ሣጥኑ ተሰብሯል። ድስቱም፣ ብርድ ልብሱም፣ ሬዲዮኑም እንደሌለ ወንድሜ ነገረኝ። ከእናቴ ጋር በስልክ ስንገናኝ ስለ ድስቱ አልጠየቅኳትም።

«ኩታሽስ እማ?»

«አለ። አብሽሪ። የሙት ልብስ ማን ይመኛል?»

አመንኳት። ግን ደግሞ እናቴ የጎደላትን ነገር ነግራኝ አታውቅም። ባይኖርም አለ ትለኝ ነበር።

እናቴ ሱባኤ ይዛለች በተባልኩበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ረግረጉ ላይ አንዲት ሳቢሳ ክንፏን ዘርግታ ከፀሐይ በጎን ቆመችልኝ። ለእሷ ለካሁ፣ ቀነስኩ፣ ደግሜ ቀነስኩ፣ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳወጣው እያንዳንዱ ላባ ከነጥላው አለ፤ ከጀርባዋ የሚንጠለጠለው እንደ ክር የቀጠነው ላባ እንኳን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወዲያው ላክሁት። «ለእማ ከሱባኤ ስትወጣ አሳያት» አልኩት።

በነጋታው መልስ መጣ። «እማ አይታታለች። ‹አሁን ገና ተፈተለች› ብላለች።»

ሥራ ቦታ አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። አንሶላውን አቅፌ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አልጋው አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ።

ከመርዶው በኋላ ወንድሜን የጠየቅኩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። እንዴት እንደሞተች፣ ምን እንዳመማት ሌሎች ነግረውኛል፤ በሽታው አላሰቃያትም፤ ተመስገን።

«ያን ቃል ማን አለው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ እታለም። ብትኖር የምትለውን ነው ያልኩሽ።»

«ከተቀበረች በኋላ?»

«አዎ።»

አልተቆጣሁትም። ማንስ ይቆጣዋል? እሱም ብቻውን ቀርቶ፣ ማታ ማታ የእናቱን አነጋገር እያሰበ ለኔ መልስ ሲያዘጋጅ ይታየኛል። ግን ከዚያ ወዲህ የሚያጽናናኝን ነገር ሲነግረኝ ልቤ ቶሎ አይቀበለውም። የእናታችንን ቃል አስመስሎ መናገር የቻለ ሰው ሌላውንም ይችላል።

«በኩታዋ ነው የተሸፈነችው?» አልኩት።

«አዎ።» ፈጠነብኝ።

«ራስህ አይተኸዋል?»

«እታለም፣ እኔ ያን ቀን ምን አየሁ? ቃሬዛ ተሸክሜ ነበር። ሴቶቹ ናቸው የገነዟት።»

«ታዲያ ለምን አዎ አልከኝ?»

«አዎ ካላልኩሽ ምን ልበልሽ?» አለና አለቀሰ። እኔም የስልኩ ካርድ እስኪያልቅ አብሬው አለቀስኩ።

ፎቶው የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ከጎረቤት አንዱ በስልኩ ያነሳው ነው፤ ከዚያ ቀን የተገኘው ፎቶ እሱ ብቻ እንደሆነ ወንድሜ ነገረኝ። «ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ከመርዶው ወዲህ ያልሰማሁት ደስታ ነበር። «ብርሃን ወርዶባታል እያለ ነው። ፎቶው ሮቢት ድረስ ሄዷል።»

ከፈትኩት። ቀትር ነው፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ተጠቅልሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ አቧራው፣ የካህናቱ ጃንጥላ፣ የወንድሜ የተላጨ ራስ፣ ቃሬዛውን የጨበጠው እጁ ሁሉም አለ። በመሐል፣ ቃሬዛው ላይ፣ እናቴ ባለችበት፣ ብርሃን ብቻ አለ። ጠርዝ የለው፣ እጥፋት የለው፣ ክር የለው።

ለሰበካችን ሴቶች ሳሳያቸው አንደኛዋ አማተበች። «ልብሷን ተመልከቺ! ብርሃን ለብሳ ነው የሄደች! ኧረ እልል በይ፤ ምን ታለቅሻለሽ?» ሌሎቹ እልል አሉ። እኔ አልቻልኩም። ያንን ብርሃን አውቀዋለሁ። ስንት ወፍ አቃጥዬበታለሁ። ያነሳው ሰው ጥፋት የለበትም፤ ስልኩ የሰዉን ፊትና ጥቁር ጃኬቱን አይቶ ብርሃን ጨመረ፣ ነጩ ተቃጠለ፤ ይኸው ነው።

ያም ሆኖ ኮምፒዩተሬ ላይ ከፈትኩት። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውንም ይክዳል። ብርሃኑን ቀነስኩ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ጃንጥላው ላይ ያለው ጥልፍ ወጣ፣ የአንዲት እናት ነጠላ እንኳን ጥላ ስላረፈበት ክሩ መታየት ጀመረ። የእናቴ ኩታ ግን አመድ መሰለ እንጂ አልተፈተለም። ጉርብጥብጡን ጫፍ ፈለግሁ። ቋጠሮ ፈለግሁ። አንድ እንኳን ባገኝ ይበቃኝ ነበር። ሱቅ የተገዛ አቡጀዲ ይሁን፣ የሰው ኩታ ይሁን፣ የሷ ይሁን የሚለይ ነገር የለም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «አባ፣ ሰው ብርሃን ነው ይለኛል፤ እኔ የተቃጠለ ነጭ ነው እላለሁ። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

«ያላየሽውን አየሁ አትበይ፤ ይበቃል» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ነፍስ ሸማ አትሻም፣ ልጄ። እናትሽ በምንም ብትሸፈን ፈጣሪ ያውቃታል» አሉ።

ይህንንስ እኔም አውቃለሁ። ለእሷ አይደለም የምፈልገው፤ እሷ አርፋለች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፤ መሆኑንና አለመሆኑን ሳላውቅ እንዴት እኖራለሁ? ኩታው ከሣጥኑ ጋር ሄዶ ከሆነና ይህንን ለኔ ላለመንገር ብላ «አለ፤ አብሽሪ» ብላኝ ከሆነ፣ ሌላ ኩታ አስፈትዬ እንድልክላት እንኳን ዕድል አልሰጠችኝም ማለት ነው።

ረግረጉ ላይ አሁንም እሄዳለሁ። ወፎቹን አነሳለሁ፤ ለማን እንደምልክ ግን አላውቅም። ወንድሜ «ለኔ ላኪልኝ» ይለኛል። እልክለታለሁ፤ «ቆንጆ ነው» ይላል። ባዘቶ ነው የሚለኝ ጠፋ።

ስለዚህ ያን ቀን እዚያ ለነበራችሁ ሁሉ፣ የእናቴን ቃሬዛ ለተከተላችሁ የቆቦና የአካባቢው ሰዎች፣ ይህንን እለምናለሁ። ከመሐላችሁ ሌላ ፎቶ ያነሳ ካለ፣ «ጨለመ፣ አያምርም» ብሎ እንዳያጠፋው። የጨለመው ነው የሚጠቅመኝ። ከጨለማው ውስጥ አወጣዋለሁ፤ ተምሬአለሁ። ሳታሳምሩት፣ ሳታበሩት፣ ስልካችሁ ውስጥ እንዳለ ለወንድሜ ስጡት።

ፎቶ ከሌለ ደግሞ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ሆናችሁ የገነዛችኋት እናቶች፣ እጃችሁ ያውቀዋል። ከመግነዙ በላይ ስታለብሷት አንዱ ጫፍ ጎረበጣችሁ? ቋጠሮ ነበረው? ከነበረው ነበረው በሉኝ፤ ካልነበረውም አልነበረውም በሉኝ። መርዶዬን ሰምቻለሁ፤ ከኔ የሚደበቅ ነገር አልቋል። የራሷ ሳይሆን ከመሐላችሁ አንዷ ለራሷ ያስቀመጠችውን አውጥታ አልብሳት ከሆነ ደግሞ አልከፋም። የማን እንደነበረ ብቻ ንገሩኝ፤ የክርስትና ስሟንም ጨምራችሁ፣ ከእናቴ ስም ጎን በጸሎት እንዳነሣት።